እንገርና የጥጃ አንጀት፦ ጥጃ በሽታን የሚቋቋምበት ኃይል ከየት ይመጣል?

አዲስ ጎጆ ለወጣ ሰው «እንቦሳ እሰሩ» ብለን እንመርቃለን። ምርቃቱ በከንቱ የተመረጠ አይደለም። እንቦሳ የሚታሰርበት ቤት ዛሬ ወተትና ቅቤ ያለበት፣ ነገ ደግሞ በሬ የሚጠመድበት ቤት ነውና። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በአማኑኤልና በዙሪያዋ ባሉት የማቻከል ወረዳ ቀበሌዎች ጤፉም፣ ስንዴውም፣ በቆሎውም በአብዛኛው የሚታረሰው በበሬ ነው። ያም በሬ ትናንት እንቦሳ ነበረ። ስለዚህ እንቦሳ ሞተ ማለት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊጠመድ የነበረ በሬ ወይም ልትታለብ የነበረች ላም ጠፋች ማለት ነው። ጉዳቱም በዚህ ብቻ አያበቃም። ያገራችን ላም ጥጃዋ ሲሞትባት ብዙ ጊዜ ወተቷን አትለቅም። የሞተውን ጥጃ ቆዳ በጭድ ሞልቶ ለላሚቱ ማሳየት የተለመደው በዚሁ ችግር ምክንያት ነው። እንግዲህ በአንድ ጥጃ ሞት የነገው ከብትም የዛሬው ወተትም አብረው ይሄዳሉ።

ጥጆች በብዛት የሚሞቱት ገና በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ከሚገድሏቸውም ነገሮች ዋናው ተቅማጥ ነው። በአንድ በረት፣ በአንድ ወቅት ከተወለዱት ሁለት ጥጆች አንዱ ተቅማጥ ይዞት በሦስት ቀን ሲሞት፣ ሌላው ግን ያንኑ ጀርም ልሶ ምንም ሳይሆን ሲፈነጭ የምናየው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው «ዕድሉ ነው» ይላል። ነገር ግን ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ በዕድል የሚመጣ አይደለም። በተወለደ በመጀመሪያው ቀንና በተከታዮቹ ሳምንታት ወደ አንጀቱ በገባው ነገር የሚወሰን ነው። ይህ ጽሑፍ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ያስረዳል። ቀጥሎም ገበሬው በቤቱ ሊያደርገው የሚገባውን በተራ በተራ ያመለክታል።

ጥጃ ሲወለድ የሚጎድለው ነገር

በእንስሳም ሆነ በሰው ደም ውስጥ ነጭ የደም ሕዋሳት የሚባሉ አሉ። ሥራቸው እንደ አገር ጠባቂ ወታደር ነው። አንዳንዶቹ ወደ ሰውነት የገባውን ጀርም ይዘው ይውጡታል። ይህን ሥራቸውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ያስተዋለው ኢልያ ሜችኒኮፍ የተባለ የሩሲያ ሊቅ ነው። ስለዚሁ ምርምሩም በ1908 የኖቤል ሽልማት ከጀርመናዊው ፖል ኤርሊሕ ጋር ተካፍሏል። ሌሎቹ ነጭ ሕዋሳት ደግሞ ፀረ እንግዳ አካላት የሚባሉትን ረቂቅ ነገሮች ይሠራሉ። እነዚህ ረቂቅ ነገሮች በደምና በአንጀት ውስጥ እየተገኙ ከጀርሙ ጋር ተጣብቀው ያስሩታል።

የሰው ልጅ ገና በማኅፀን ሳለ የእናቱ ፀረ እንግዳ አካላት በእንግዴ ልጅ በኩል አልፈው ይደርሱታል። የላም እንግዴ ልጅ ግን ይህን አያሳልፍም። ስለዚህ ጥጃ ሲወለድ ደሙ ከፀረ እንግዳ አካላት ባዶ ነው ማለት ይቻላል። የራሱ ወታደሮች ቢኖሩትም ጠላት አይተው የማያውቁ ምልምሎች ናቸው። የራሱን ትጥቅ በበቂ ሁኔታ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጅበታል። እስከዚያው ድረስ የሚጠብቀው የእናቱ ስንቅ ነው፤ ስንቁም ያለው በእንገር ውስጥ ነው።

የላም እንገር በአንድ ሊትር ውስጥ ሃምሳ ግራምና ከዚያም በላይ ፀረ እንግዳ አካላት ይይዛል። ተራ ወተት ውስጥ የሚገኘው ግን ከአንድ ግራም እምብዛም አይበልጥም። እንገር ከዚህ ሌላ ሕያዋን የሆኑ የእናቲቱን ነጭ ሕዋሳት፣ ብዙ ስብና ብዙ ቫይታሚን ይዟል። በሆድ የቆየውንም ጥቁር እዳሪ ጠርጎ ያወጣል።

ይሁን እንጂ ጊዜው አጭር ነው። አዲስ የተወለደ ጥጃ የአንጀቱ ግድግዳ እነዚህን ፀረ እንግዳ አካላት ሳይፈጫቸው እንዳሉ ወደ ደም ያሳልፋቸዋል። ይህ የተከፈተ በር በየሰዓቱ እየጠበበ ይሄድና በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ፈጽሞ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በርሜል ሙሉ እንገር ቢጠጣ ወደ ደሙ የሚገባ የለም። በላሚቱ ጡት በኩልም ነገሩ እንዲሁ ነው። ከመጀመሪያው እልበት በኋላ የሚመጣው እንገር ኃይሉ በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

አንጀት አዲስ ቡሖቃ ነው

ከእንገሩ ጋር አብሮ ሌላ ትልቅ ነገር ይጀመራል። ጥጃው በማኅፀን ሳለ አንጀቱ ከባክቴሪያ የጸዳ ነው ለማለት ይቻላል። ከተወለደባት ሰዓት ጀምሮ ግን እናቱ ስትልሰው፣ ጡት ሲፈልግ፣ ሣሩን ሲያሸት፣ በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች በአፉ ይገባሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥም በአንድ ግራም የአንጀት ይዘት ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ይሆናሉ።

«ባክቴሪያ» ሲባል ብዙ ሰው በሽታ ብቻ ይታየዋል። ይህ ትክክል አይደለም። እመቤቶቻችን ቡሖ ሲያቦኩ የሚጨምሩት እርሾ ሕያዋን ረቂቅ ነፍሳት የሞሉበት ነው። ወተቱን እርጎ የሚያደርጉትም ባክቴሪያዎች ናቸው። ደኅና እርሾ የገባበት ቡሖ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ የሚያበላሸው ሻጋታም ቦታ አያገኝም። እርሾ ያልገባበት ቡሖ ግን የመጣው ሁሉ ይገባበታል፤ አንዳንዴም ይበላሻል። የጥጃ አንጀት አዲስ ቡሖቃ ነው። አስቀድሞ የገባው ቦታውን ይይዛል። ደኅናውን እርሾ የምታቀብለው እናቱ ናት። ቆሻሻ በረትና ያልታጠበ ዕቃ ደግሞ ክፉውን ያቀብላሉ።

እንገር በዚህም በኩል ይረዳል። በውስጡ ያሉት አንዳንድ ስኳሮች ጥጃው ራሱ ሊፈጫቸው የማይችላቸው፣ ለጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ግን ምግብ የሚሆኑ ናቸው። ስለዚህ እንገር ለጥጃው ትጥቅ፣ ለአንጀቱ ባክቴሪያዎች ስንቅ ይሆናል።

ባክቴሪያዎች የሰውነትን ወታደሮች እንዴት ያሠለጥናሉ?

የሰውነት ወታደሮች አብዛኞቹ የሚገኙት በደም ሥር ውስጥ ይመስለን ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ከሰውነት ሁሉ የበለጠ ብዛት ያላቸው ነጭ ሕዋሳት የሰፈሩት በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከውጭ የሚመጣው ምግብና ውኃ፣ ከእርሱም ጋር ጀርሙ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። በአንጀት ይዘትና በሰውነት መካከል ያለውም አጥር በንፍጥ የተሸፈነ አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ነው። ከዚያ አጥር በታች እንደ ጦር ሰፈር ተሰባስበው የሚኖሩ ነጭ ሕዋሳት አሉ። እነርሱም ከአንጀት ውስጥ ናሙና እየወሰዱ «ይህ ወዳጅ ነው፤ ይህ ጠላት ነው» ብለው ይለያሉ። የሚማሩት በዚያ ከሚኖሩት ባክቴሪያዎች ነው። ትምህርቱም በሦስት መንገድ ይመጣል።

አንደኛ፣ ወታደሮቹን ቀስቅሰው ያበዟቸዋል። ሊቃውንት ይህን የተረዱት ምንም ባክቴሪያ በማይገባበት ሣጥን ውስጥ እንስሳትን በማሳደግ ነው። እንዲህ ያደጉት እንስሳት በአንጀታቸው ያለው የወታደር ሰፈር ትንሽና ደካማ ሆኖ ተገኘ። ፀረ እንግዳ አካላቸውም ጥቂት ነው። ባክቴሪያ ሲሰጣቸው ግን ሰፈሩ ማደግ ይጀምራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ደግሞ ተመራማሪዎች በአይጥ አንጀት ውስጥ ክር የመሰለ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ብቻውን አንድ ክፍል የጦር ሕዋሳት እንዲነሡ እንደሚያደርግ አሳዩ። በዚህም የተነሡት ሕዋሳት እንስሳው የአንጀትን በሽታ እንዲቋቋም ረድተውታል።

ሁለተኛ፣ ወታደሮቹን ያስታግሷቸዋል። ጦር ሁሉ ተነሥቶ ወዳጅንም ጠላትንም ቢመታ አገር ይጠፋል። በአንጀትም ነጭ ሕዋሳት ያለ ልክ ሲቆጡ ግድግዳው ይቆስላል፣ ተቅማጥ ይሆናል፣ እንስሳውም ይከሳል። ስለዚህ በሰውነት ውስጥ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ያሉ ነጭ ሕዋሳት አሉ። እነዚህን ያወቁት ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺና አሜሪካውያኑ ሜሪ ብራንኮውና ፍሬድ ራምስዴል በመስከረም 2018 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ታዲያ የአንጀት ባክቴሪያዎች ለእነዚህ ሽማግሌዎች መብዛት ምክንያት ይሆናሉ። ባክቴሪያዎቹ የሣርንና የድርቆሽን ጭረት ሲያብላሉ ቡቲሬት የሚባል አሲድ ያወጣሉ። በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የጃፓንና የአሜሪካ ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ እንዳሳዩት፣ ይህ አሲድ አስታራቂዎቹ ሕዋሳት በአንጀት ውስጥ እንዲበዙ ያደርጋል። ይኸው አሲድ ለአንጀት ግድግዳ ሕዋሳትም ምግብ ነው። በጥጃም ዘንድ የጨጓራውን ግድግዳ ያሳድጋል።

ሦስተኛ፣ ቦታ ይይዛሉ። ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች በሞሉበት አንጀት ውስጥ ክፉው ጀርም የሚያርፍበት ሥፍራና የሚበላው ምግብ አያገኝም።

በአይጥ የታየው ሁሉ በጥጃ ላይ በዚያው መጠን ይሆናል ማለት አይደለም። የአሠራሩ መሠረት ግን አንድ ነው። ወታደሩ ከባክቴሪያው ይማራል፤ ባክቴሪያውም ደኅና ሆኖ የሚኖረው በእንገር፣ በንጽሕናና በተስማሚ መኖ ነው።

የደስታ በሽታ ታሪክ የሚያስተምረን

አጥሩና ወታደሩ አንድ ላይ ሲጠፉ ምን እንደሚሆን አገራችን በመራራ መንገድ አይታዋለች። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የደስታ በሽታ በምፅዋ በኩል ገብቶ የኢትዮጵያን ከብት ፈጀ። በሬ ጠፍቶ እርሻ ተፈታ፤ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ረኃብ ተከተለ። ያ ቫይረስ የሚያጠቃው ሁለት ነገር ነበር፤ ነጭ የደም ሕዋሳትንና የአፍን እንዲሁም የአንጀትን ግድግዳ። ወታደሩ ሲያልቅና አጥሩ ሲፈርስ ከብቱ በተቅማጥ በጥቂት ቀናት ይሞት ነበር።

በሽታው በክትባት ተሸንፎ ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ታውጇል። ክትባት ማለት ነጭ ሕዋሳት ጠላታቸውን አስቀድመው እንዲያውቁት ማሳየት ነው። እንግዲህ ክትባትም፣ እንገርም፣ የአንጀት ባክቴሪያም ሥራቸው ለአንድ ዓላማ ነው። አንዱ ግን የሌላውን ቦታ አይተካም። እንገር የጠጣ ጥጃ አድጎ ለአባ ጎርባና ለአባ ሰንጋ መከተብ አለበት። የተከተበችም ላም ፀረ እንግዳ አካሏ ለጥጃዋ የሚደርሰው በእንገር በኩል ብቻ ነው።

ልንተዋቸው የሚገቡ ልማዶች

፩ኛ. የእንግዴ ልጁ እስኪወድቅ ድረስ ጥጃውን ከጡት መከልከል። አንዳንድ ሰው የእንግዴ ልጁ ሳይወድቅ ጥጃው ቢጠባ ይጎዳል ይላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጥጃ ሲጠባ የላሚቱ ማኅፀን ይኮማተራል፤ ይህም የእንግዴ ልጁ እንዲወጣ ይረዳል። የእንግዴ ልጁ በግማሽ ቀን ሳይወድቅ ቢቀር ሐኪም መጥራት ነው። በዚህ ምክንያት የጥጃውን ሰዓት ማባከን ግን ትጥቁን መንጠቅ ነው።

፪ኛ. የመጀመሪያውን እንገር ለቤተ ሰው አልቦ፣ ለጥጃው የተረፈውን መተው። እንገር ቀቅሎ መብላት የቆየ ልማዳችን ነው፤ ልጆችም ይወዱታል። ጥጃው ጠግቦ ከተረፈ አፍልቶ መብላት አይከለከልም። ነገር ግን የመጀመሪያው ጥቢ የጥጃው ድርሻ ነው። እንገሩን ሳያፈሉ መብላት ደግሞ ከላም ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

፫ኛ. ጥጃ ባስቀመጠው ቁጥር የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ በአፉ ማፍሰስ፣ ወይም ከገበያ መርፌ ገዝቶ መውጋት። ይህ ዛሬ በጣም እየተስፋፋ ስለሆነ በደንብ እንመልከተው። የትናንሽ ጥጆችን ተቅማጥ ከሚያመጡት ብዙዎቹ ቫይረሶችና ክሪፕቶስፖሪድየም የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ናቸው። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ደግሞ ቫይረስን አይገድልም፤ ቴትራሳይክሊንም ይህን ተሕዋስ አያጠፋውም። መድኃኒቱ የሚገድለው ያን የሠፈረውን ደኅና እርሾ ነው። አሠልጣኙ ሲሞት ወታደሩ ይዳከማል፤ ቦታውም ለክፉው ጀርም ይለቀቃል። ከዚህም በላይ መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች በበረቱ ይቀራሉ። ነገ መድኃኒቱ በእውነት በሚያስፈልግበት ቀን፣ ለከብትም ይሁን ለሰው፣ አይሠራም። መድኃኒቱ ክፉ ነው አንልም፤ የሚታዘዘው ግን በሐኪም ነው።

ገበሬው በቤቱ ምን ያድርግ?

፩. *ከመውለዷ በፊት።* ላሚቱን ከመውለዷ ሁለት ወር አስቀድሞ ማለብ ማቆም፤ ደኅና ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ መስጠት። የከሳች ላም እንገሯ ጥቂት ነው። የምትወልድበት ቦታ ደረቅና አዲስ ጭድ የተነጠፈበት ይሁን። በክረምት በደጋ አገር እርጥቡ በረት ለጥጃ ጠላት ነው።

፪. *በወለደች ጊዜ።* አፍንጫውንና አፉን ከንፍጥ ማጽዳት። ላሚቱ ትላሰው፤ አትከልክሏት። ምላሷ ያደርቀዋል፣ ደሙን ያንቀሳቅሰዋል፣ ደኅናውንም እርሾ ይሰጠዋል። እትብቱን በአዮዲን መንከር።

፫. *እንገር ማጠጣት።* የላሚቱን ጡት ለብ ባለ ውኃ አጥቦ ማድረቅና ጥጃውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ማስጠባት። በስድስት ሰዓት ውስጥ ቢያንስ የክብደቱን አንድ አሥረኛ ያህል መጠጣት አለበት። ሃያ ኪሎ የሚመዝን ያገር ጥጃ ሁለት ሊትር፣ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ድቃይ ጥጃ ሦስት ሊትር ማለት ነው። እስከ ማግሥቱ ድረስ እንደ ልቡ እየጠባ ይዋል። ሌሊት የተወለደ ጥጃ እስኪነጋ አይቆይ። ንጋት ላይ ስትደርሱ የበሩ እኩሌታ ተዘግቷልና።

፬. *መነሣት ላቃተው ጥጃ።* እንገሩን በታጠበ ዕቃ አልቦ፣ ትኩስነቱ ሳይጠፋ በጡጦ ማጠጣት። አንድ ሊትር የሚይዝ የውኃ ፕላስቲክ በጡጦ ቢገጠምለት ይበቃል። ቀስ ብሎ ይጠጣ፤ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አቅንቶ መገልበጥ ወደ ሳንባው እንዲገባ ያደርጋል።

፭. *እናት ከሞተች ወይም ከነጠፈች።* በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ከወለደች ጎረቤት ላም እንገር መለመን። በአንድ ቀበሌ ያሉ ላሞች የሚያውቁት ጀርም ተቀራራቢ ነውና የጎረቤት እንገር ጥሩ ነው።

፮. *ዕቃውን ማጽዳት።* የወተት ቅል በፈላ ውኃ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በወይራ ይታጠን። እናቶቻችን ይህን የሚያደርጉት ለመዓዛ ብቻ አይደለም። ጢሱ የሚያበላሹትን ባክቴሪያዎች ይቀንሳል።

፯. *ቶሎ መኖ ማስለመድ።* ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለስላሳ ድርቆሽ፣ ጥቂት ፉርሽካና ንጹሕ ውኃ ከፊቱ ይኑር። መጀመሪያ ይጫወትበታል፤ ኋላ ይበላዋል። በጨጓራው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የሚባዙት፣ ያ የነገርናችሁ አሲድም የሚገኘው በዚህ ነው። ወተት በአንድ ጊዜ አይቋረጥ።

፰. *ማረፊያውን መለየት።* ትናንሾቹን ጥጆች ከታላላቆቹና ከታመሙት መለየት። ጭዱን በየጊዜው መለወጥ። የጨለማና የእርጥበት ማዕዘን ለጥጃ አይሆንም።

፱. *ስለ መድኃኒት።* ጡቷ ታምሞ መድኃኒት የተሰጣትን ላም ወተት፣ ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ ለጥጃም ለሰውም አለመስጠት።

ጥጃ ቢያስቀምጠው

ጥጃን ቶሎ የሚገድለው ጀርሙ ብቻ አይደለም። በተቅማጥ የሚወጣው ውኃና ጨው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕክምና መተካት ነው። በጤና ኬላ የሚገኘውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር አንዱን ፓኬት ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ በጥብጦ ማጠጣት። ይህ ቢታጣ በአንድ ሊትር የፈላ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ልክ አድርጎ መበጥበጥ። ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በጥቢና በጥቢ መካከል ይሰጠው። ጨውን ማብዛት ጥጃን ይገድላል።

«ወተት ነው ያስቀመጠው» ብሎ ከጡት መከልከል ስሕተት ነው። የአንጀቱ ግድግዳ የሚጠገነው በምግብ ነውና ጡት ይጥባ።

ጥጃው መቆም ካቃተው፣ ዐይኑ ከጎደጎደ፣ ለመጥባት እምቢ ካለ፣ ሰውነቱ ከጋለ ወይም ተቅማጡ ደም ካለበት ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው። በዚያን ጊዜ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ዓይነቱንና ልኩን የሚያውቀው ግን ሐኪሙ ነው።

ለዶሮ አርቢዎች አንድ ቃል

ይኸው ሕግ በዶሮም ይሠራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ኤስኮ ኑርሚና ባልደረባው የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ለአንድ ቀን ጫጩቶች ከጤነኛ ታላላቅ ዶሮዎች አንጀት የተገኘ ባክቴሪያ ሰጧቸው። ጫጩቶቹም ሳልሞኔላ የሚባለውን ጀርም ተቋቋሙ። ያገራችን ጫጩት ይህን ከእናቷ ጋር ስትጭር ታገኘዋለች። በመሣሪያ የተፈለፈለችው ግን እናቷን አታውቅም። ስለዚህ የገዛችኋቸውን ጫጩቶች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለ ምክንያት በመድኃኒት ውኃ አታሳድጓቸው። ሙቀት፣ ንጹሕ ውኃና ደረቅ ማረፊያ ስጧቸው፤ ክትባታቸውንም በጊዜው አስከትቡ። የሌላ ዶሮ ኩስ ግን በገዛ እጅ አትስጧቸው፤ በሽታም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ለእናቶችም ይጠቅማል

የሰው ልጅ በእንግዴ ልጅ በኩል ትጥቅ ይዞ ቢወለድም አንጀቱ እንደ ጥጃው አዲስ ቡሖቃ ነው። የእናት የመጀመሪያ ጡት ወተት ወፍራምና ቢጫ ስለሆነ «የተበላሸ ነው» ተብሎ ታልቦ የሚደፋበት ቤት አለ። ያ ወተት ግን የሕፃኑ እንገር ነው። የሕፃኑን አንጀት የሚጠብቁ ፀረ እንግዳ አካላትና ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች የሚመግቡ ስኳሮች አሉበት። ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማስላስም የአገር ልማድ ነው፤ ነገር ግን ያልፈላ ቅቤ የማናውቀውን ባክቴሪያ ከጡት ወተት አስቀድሞ ያስገባል። የጤና ሠራተኞች ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፣ እስከ ስድስት ወርም ከጡት በቀር ምንም አይቅመስ የሚሉት ስለዚህ ነው።

ለልማት ሠራተኛው

ይህን ትምህርት በቃል ብቻ ማስረዳት አይበቃም። በየቀበሌው የሚወልዱ ላሞችን አስቀድሞ መመዝገብ ይጠቅማል። ለእያንዳንዱም ጥጃ አምስት ነገር በደብተር ይጻፍ፤ የተወለደበት ሰዓት፣ መጀመሪያ የጠባበት ሰዓት፣ በመጀመሪያው ወር ያስቀመጠው ቀን ብዛት፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ በሦስተኛው ወር በሕይወት መኖሩ። በዓመቱ መጨረሻ ገበሬዎቹን ሰብስቦ ቶሎ የጠቡትንና ዘግይተው የጠቡትን በየወገናቸው ማስቆጠር ነው። ገበሬ ከሩቅ አገር ቁጥር ይልቅ የጎረቤቱን በረት ያምናል። ሲያስተምሩም ከእርሾና ከእርጎ መጀመር ይሻላል። እመቤቶች ያን ሁልጊዜ የሚያዩት ነገር ስለሆነ «ደኅና ባክቴሪያ» የሚለው ቃል አያስደነግጣቸውም። በብዙ ቤት ጥጃውን የምታስጠባውም እመቤቲቱ ስለሆነች ስብሰባው ያለ እርሷ አይደረግ።

በየቤቱ የሚያስፈልገው ወጪ ጥቂት ነው፦ የፈላ ውኃ፣ ደረቅ ጭድ፣ ጥቂት አዮዲን፣ ከዚያም ሌሊት ተነሥቶ ጥጃን ጡት ማስያዝ። ላም የምትወልድበት ወር የደረሰባችሁ ገበሬዎች ዛሬውኑ ጭዱን አድርቁ፤ ጡጦውንም አዘጋጁ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ለተቅማጥ ከሚደረገው መድኃኒት ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት የተጠባ እንገር ይበልጣል።